ሰባተኛው ጥያቄ

ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው።
ቧንቧው አስቀድሞ ያስላል፣
ቆይቶ ያፏጫል፣
ቆይቶ ደግሞ የተበጠበጠ ነገር ይተፋል።
እኔና ትርንጎ ጄሪካን አንጠልጥለን ከዶርም እንወርዳለን፤
እሷ ስለ እንቅልፏ ታጉረመርማለች፣
እኔ የፉጨቱን ቅጥነት ከማሲንቆ ጭራ ጋር አስተያያለሁ።

አንድ ብርጭቆ ቀድቼ መስኮት ላይ አሳድራለሁ፤
ሲነጋ ውሃው ከላይ ይጠራል፣ አፈሩ ከታች ይተኛል።
ጣቴን አስጠግቼ እለካለሁ፦
ግማሽ ጣት የሰው ማሳ።
ጤፍ በቅሎበት ነበር ወይስ ገብስ?
የማንን ድንበር ተጉመጥምጬ ነው ትናንት ፈተና የገባሁት?

መመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነው፤ አንገረብና ደለል፣
ዳገቱ ሲራቆት ግድቡ ምን እንደሚመስል።
"ስሜቱን ተዪና ቁጥር አምጪ" አሉኝ አማካሪዬ፣
ቁጥር ልለቅም ወጣሁ፣ ሃምሳ ሁለት መጠይቅ በቦርሳዬ።

የተየበችልኝ ትርንጎ ናት፣ መብራት ሊጠፋ ሲል፣ በጥድፊያ፤
"ዛፍን ተክለው ያውቃሉ?" የሚለው ሰባተኛው ጥያቄ ላይ
ዛ እግሯን ሰበሰበች፣ ፍ ምልክቷን ጣለች፣
"ዘፈን ተክለው ያውቃሉ?" ሆኖ ታተመ።
እኔም አላየሁት።

ከአያ ፈረደ ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣
አምስተኛ ክፍል የሆነች የልጅ ልጃቸው ጮክ ብላ አነበበችው።
አፍሬ ወረቀቱን ልነጥቃት ስል
እሳቸው ዳገቱን አዩ፤ በጣታቸው ቆጠሩ፤
"ሰባት" አሉ። "ሦስቱ ጸድቀዋል።
አራቱን ፍየል በላቸው።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።
"ዋንዛው ሳለ ነፋስ እዚህ ይዘፍን ነበር፤
አሁን ያፏጫል እንጂ ምን ግጥም አለው?"
ጻፍኩ፦ ሰባት፣ ሦስት፣ አራት።
ለግጥም የሚሆን ሳጥን ግን መጠይቄ ላይ አልነበረም።

የምደብቀው ነገር ነበረኝ።
ዩኒቨርሲቲ ስገባ "የአባት ሥራ" በሚለው መስመር
"ገበሬ" ብዬ ሞላሁ።
አባቴ አርሶ አያውቅም። ሞፈሩ ደጋን ነው፣ በሬው አንዲት ጭራ፤
የበላሁት፣ የለበስኩት፣ የጻፍኩበት ደብተር
በየሰርጉ ግንባሩ ላይ የተለጠፈ ብር ነው።
የእኔዋ ማሲንቆ አልጋ ስር፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልላ፣
አራት ዓመት እንደ ሌባ ኖረች፤
ውሃ በማይመጣባቸው ሌሊቶች ብቻ
ልብስ ከምናሰጣበት ጣሪያ ላይ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች።

ያን ማታ ደወልኩለት። "አባ፣ ማሲንቆ ከምን ይሠራል?"
"ረሳሽው እንዴ? ቆዳው የፍየል፣ ጭራው የፈረስ፣ እንጨቱ ዋንዛ፤
ፍየሏ ቅጠል በላች፣ ፈረሱ ሳር ጋጠ፣
ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻዬን የዘፈንኩ መስሎሻል?"
ካርዴ አለቀ።
አራቱን ዘፈን የበላችው ፍየል
ይቺው ናት ማለት ነው የምታዜመው?
ልጠይቀው ነበር።

የመውጫ ፈተናውን አለፍኩ። ጽሑፌንም ተከላከልኩ፤
አንዱ ፈታኝ መነጽሩን ገፍቶ
"ሰባተኛው ላይ የፊደል ግድፈት አለ" አለኝ።
"አለ" አልኩ።
"ይታረም" አለ።
ሃምሳ አንዱን አረምኩ።
የአያ ፈረደን ተውኩት።

ነገ ምረቃ ነው። የተከራየሁት ጋዋን በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ይረዝመኛል።
አባቴ ከማክሰኝት በጠዋቱ ሚኒባስ ይሳፈራል፤
"ማሲንቆዬን ልያዘው ወይስ ልተወው?" ብሎ ጠይቆኛል፣
እንደ ጥፋተኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
"ያዘው" አልኩት። አፌ ደረቀ።
የምሩቃን ቅጽ ላይ ያው መስመር ጠብቆኝ ነበር፤
እስክሪብቶዬ ትንሽ ቆመ፣
ከዚያ፦ አዝማሪ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ቧንቧው ያስላል።
ትርንጎን አልቀሰቅሳትም፤ የመጨረሻ እንቅልፏ ነው እዚህ።
እቀዳለሁ፣ መስኮት ላይ አኖራለሁ፣
ሲነጋ፣ ጋዋኑን ሳልለብስ፣ ጣቴን አስጠጋለሁ፤
ግማሽ ጣት ከሆነ፣ ግማሽ ጣት።